የጀርባ ጨርቅን ክረምት ማሻገር፦ ለጎጃም ፎቶ ቤቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በፎቶ ቤት ባክግራውንድ እያልን የምንጠራው የጀርባ ጨርቅ የሚያረጀው በሥራ ብዛት ይመስለናል። በጎጃም ግን አብዛኛው ጨርቅ የሚበላሸው ሥራ በሌለበት ወራት፣ ታጥፎ በተቀመጠበት ቦታ ነው። የጥርና የግንቦት ሠርግ ካለፈ፣ የተመራቂዎች ፎቶም ካበቃ በኋላ ጨርቁ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ሐምሌንና ነሐሴን ሳይነካ ይከርማል፤ መስከረም ላይ ሲፈታም በእጥፋቱ መስመር ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የሻጋታ ሽታና በካውያ የማይለቅ ምልክት ይዞ ይወጣል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ሥራ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ስድስት ሜትር ጥቁር ከፋይ (ቬልቬት) በዚሁ መንገድ አጥቻለሁ። ከፋዩ ከሜዳ ላይ የሠርግ ፎቶ ሲመለስ ጫፉ ጤዛ ነክቶት ነበር፤ በእጄ ስዳስሰው የደረቀ ስለመሰለኝ አጥፌ አስቀመጥኩት። ከሰባት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ከጫፉ የተነሣው ሻጋታ በየእጥፋቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ታጥቦ ነጠብጣቡ ደብዘዝ ቢልም ጠጉሩ እንደ ቀድሞው አልቆመም፤ መብራት ሲያርፍበትም ቦታው ሁሉ ይታይ ነበር። በዚህ መመሪያ ውስጥ ስለ ማድረቅ የምጽፈው ከሌላው ሁሉ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ ጨርቁ ምን እንደሆነ መለየት

ለጀርባ ከምንጠቀምባቸው ጨርቆች ዋና ዋናዎቹ አቡጀዲ፣ ፖሊስተር፣ ከፋይና ቀለም የተቀባ ሸራ ናቸው። አቡጀዲ ጥጥ ስለሆነ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል፤ በመጀመሪያው እጥበትም ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ልክ የሚፈለግበት ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን ታጥፎ ከቆየ መስመሩን አጥብቆ ይይዛል፣ የጋለ ካውያም ያቀልጠዋል። ከፋይ ጠጉሩ ብርሃን ስለሚውጥ ለጥቁር ጀርባ የሚተካከለው የለም፤ ሆኖም ክብደት ሲጫነው ጠጉሩ ይተኛና በፎቶ ላይ እንደ ጭረት የሚያብረቀርቅ መስመር ይሠራል። ቀለም የተቀባ ሸራ ደግሞ ከታጠፈ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ እርሱን ማጠፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሻጩ ጥጥ ነው ብሎ የሸጠው ጨርቅ ሁልጊዜ ጥጥ አይሆንም። ለማረጋገጥ ከጠርዙ ጥቂት ክር ይመዘዝና በወረንጦ ተይዞ፣ ከጨርቁ ርቆ፣ በክብሪት ይለኮስ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ እየቀለጠ ይሸሻል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ምልክት በአንድ ላይ ከታየ ጨርቁ ቅልቅል ነውና እንደ ፖሊስተር ተቆጥሮ በዝቅተኛ ሙቀት ይያዝ።

ሁለተኛ፦ ከመቀመጡ በፊት ማጽዳት

የመጀመሪያው ሥራ በደረቁ ማራገፍ ነው። ቀዩ አፈራችን ደረቅ አቧራ እስከሆነ ድረስ በቀላሉ ይረግፋል፤ ውሃ ሲነካው ግን በክሩ ውስጥ ገብቶ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጨርቁን በአራት ማዕዘኑ ይዘው ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ያራግፉት፣ ቀጥሎም በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት። ከፋይ የሚጠረገው ጠጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሜዳ ላይ የዋለ ጨርቅ ጭጎጎትና የአደይ አበባ ፍሬ ይዞ ስለሚመጣ፣ አንድ በአንድ በጣት መለቀም አለበት፤ በብሩሽ የተገፋ ጭጎጎት ክሩን ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ እድፍ በእድፉ ዓይነት ይታያል። በሠርግ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ቅባት ነው፤ የፊት ሜካፕ፣ የከንፈር ቀለም፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር የተደገፈበት ቦታ። ቅባት በውሃ ከተፈተገ ይሰፋል። የሕፃናት ፓውደር ወይም የበቆሎ ዱቄት ተነስንሶበት ይደር፤ ጠዋት በብሩሽ ይነሣና የቀረው በጥቂት የፈሳሽ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከውጭ ወደ መሐል እየተነካካ ይጽዳ። የጧፍ ወይም የሻማ ሰም ከሆነ እስኪጠነክር ተጠብቆ በማንኪያ ጀርባ ይፋቅ። ማናቸውም ሳሙና በቅድሚያ በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከር አለበት፤ በእጅ ቀለም የተነከረ አቡጀዲ በአንድ ጠብታ ሳሙና ሊደበዝዝ ይችላል።

ሙሉ እጥበት የሚያስፈልገው ጨርቁ በእርግጥ ሲቆሽሽ ብቻ ነው፤ በየሥራው ማጠብ የጨርቁን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ አይጠቅመውም። የሚታጠብ ከሆነ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ልብስን ነጭ የሚያስመስል አንጸባራቂ ኬሚካል አላቸው፤ ይህ ኬሚካል ከፍላሽ የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ስለሚመልሰው ነጩ ጀርባ በፎቶ ላይ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ጥቁሩም ጥራቱን ያጣል። ስለዚህ ነጣ የሚያደርግ ተብሎ ያልተሸጠ ፈሳሽ ሳሙና ይመረጥ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት የነበረው እንዶድም ይህ ኬሚካል የለበትም፤ ለነጭ አቡጀዲ ያገለግላል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣ ይገድላልና እጣቢው ወደ ጣና፣ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ማናቸውም ወንዝ እንዳይደፋ አጥብቄ አሳስባለሁ። ከፋይ በእጅ አይጠመዘዝም፤ ቀለም የተቀባ ሸራ ደግሞ ጭራሽ አይነከርም፣ እርጥበቱ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል።

ሦስተኛ፦ ማድረቅ

እዚህ ላይ አንባቢ ጊዜ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ደርቋል የምንለው ጥጥ ውሃ አልባ አይደለም። አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ሲኖረው ጥጥ ከራሱ ደረቅ ክብደት 8 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ፖሊስተር ግን የሚይዘው 0.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን አቡጀዲ እንግዲህ ደርቆ ተሰጥቶ ሳለ እንኳ አንድ ሦስተኛ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በውስጡ አለ ማለት ነው። ሻጋታ ለማደግ የሚያስፈልገው የአየር እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ከዘለቀ በቂው ነው፤ የክረምት አየራችን ደግሞ ከዚህ በላይ ሆኖ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ጨርቁ ሲጠቀለል የያዘው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ፣ በጥቅልሉ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ይልቅ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ስለዚህ ለክረምት የሚቀመጥ ጨርቅ ታጥቦ የሚደርቀው በግንቦት ነው፤ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ ዘግይቷል። የሚሰጠውም በጥላ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይሁን፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለምን ያነጣል፣ ይልቁንም ሰማያዊና ቀይ የተነከረውን አቡጀዲ። በቀጭን ገመድ ላይ የተሰጠ ጨርቅ መሐሉ ላይ መስመር ስለሚያወጣ፣ ገመዱ ላይ ፎጣ ይደረብ ወይም ጨርቁ በወፍራም እንጨት ላይ ይሰጥ። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይገልበጥ፤ የተደራረበው ጠርዝና ዘንግ የሚገባበት የተሰፋ እጥፋት ከሌላው ቢያንስ በአንድ ቀን ይዘገያል። የእኔን ከፋይ ያሻገተውም ይህ ጠርዝ ነበር።

መድረቁን እጅ አይፈርድም፤ ለረጠበና ለቀዘቀዘ ጨርቅ እጅ አንድ ዓይነት ስሜት አለው። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ ወፍራሙ የጠርዝ ክፍል ንጹሕና ደረቅ በሆነ ጥርት ያለ ፌስታል ውስጥ ይግባና አፉ በላስቲክ ይታሰር፤ በመስኮት በኩል ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ፌስታሉ በውስጥ በኩል በእንፋሎት ከደበዘዘ ወይም ጠብታ ከታየበት ጨርቁ አልደረቀም፤ ተመልሶ ይሰጥ። ፌስታሉ ጥርት ብሎ ከቆየ ለመጠቅለል ደርሷል።

በክረምት መካከል ማድረቅ ግድ ከሆነ በክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ቬንትሌተር ይነፋበት። የከሰል ምድጃ ግን ወደ ክፍሉ አይግባ። ጥላሸቱና ሽታው በክሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው ይገድላል።

አራተኛ፦ መጠቅለል

ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል፤ ከቀጭን ዘንግም ወፍራም ይሻላል። የጥቅልሉ አጥንት፣ ማለትም ጨርቁ የሚጠቀለልበት ዘንግ፣ ዲያሜትሩ ከ7 ሴንቲሜትር እንዳያንስ፣ ርዝመቱም ከጨርቁ ወርድ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ባነር የሚያትሙ ቤቶች ባነሩ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ረጅም የካርቶን ቱቦ ከጨረሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጥሉታል፤ ጠይቆ መውሰድ ይቻላል። 110 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦም በሚገባ ይሠራል። በእንጅባራና በአካባቢዋ ላሉ ባለሙያዎች ቀርከሃ ቅርብ ነው፤ ሆኖም በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፣ አንጓው ተፍቆ ካልተስተካከለም በጨርቁ ላይ ቀለበት ቀለበት ምልክት ይተዋል። ካርቶንም ቀርከሃም ውሎ አድሮ ነጭ ጥጥን ቢጫ ስለሚያደርጉ፣ ማናቸውም አጥንት በቅድሚያ ታጥቦ በደረቀ ነጭ አቡጀዲ ሁለት ዙር ይጠቅለል።

ጥቅለላው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይሳብ፣ ሌላው አጥንቱን ያሽከርክር፤ ሽብሽብ በታየ ቁጥር ቆም ብሎ ወደ ኋላ መፍታት ይገባል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ሽብሽብ በሚቀጥለው ዙር ላይ ይታተማል። ጨርቁ ይጥበቅ እንጂ አይወጠር። ከፋይ ጠጉሩ ወደ ውጭ፣ በሚተኛበት አቅጣጫ ይጠቀለላል፤ ሸራም ቀለም የተቀባው ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙ ሰው ፊቱን ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ቀለም ግን ይጨመቃል፣ ይሸበሸባል፣ ሲዘረጋም ይሰነጠቃል። ሲያበቃ ጥቅልሉ በሲባጎ ወይም በላስቲክ አይታሰር፤ አራት ጣት ስፋት ባለው የአቡጀዲ ቁራጭ በሦስት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰር።

የላዩ መሸፈኛ የአልጋ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ይሁን፤ ፕላስቲክ አይሁን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የቀንና የሌሊት ሙቀቷ ይራራቃል፤ በፕላስቲክ የታፈነ ጨርቅ ቀን የለቀቀውን እርጥበት ሌሊት ጠብታ አድርጎ መልሶ ይጠጣዋል። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ሌሊቱ ለዘብ ይላል፣ ነገር ግን በሐይቁ ዳር ያለው አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ፍርዱ አይለወጥም።

አቡጀዲን በከረጢት ውስጥ ዝም ብሎ አጭቆ ማስቀመጥም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሽብሽቡ መስመር ሳይሠራ የተበታተነ ስለሚሆን ለአንዳንድ ፎቶ ያምራል። በበጋ አልቃወመውም። በክረምት ግን የታጨቀው መሐል አየር ስለማያገኝ እኔ አላደርገውም።

አምስተኛ፦ የማስቀመጫ ቦታ

ጥቅልሎቹ አግድም ተጋድመው በሁለት ጫፍና በመሐል ድጋፍ ያግኙ፤ ድጋፍ የሌለው ረጅም ቱቦ ይጎብጣል፣ ጨርቁም አብሮት ይጎብጣል። አንዱ በሌላው ላይ አይቆለል፤ ከፋይ ከታች ከሆነ በአንድ ክረምት ጠጉሩ ይተኛል። መደርደሪያው ከወለል 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከውጭ ግድግዳም 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ከመሬትና ከውጭ ውሃ ስቦ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ የብሎኬት ግድግዳም ቢሆን በዝናብ በኩል ያለው ፊቱ ይቀዘቅዛልና እርጥበት ይሰበስባል። ኮርኒስ በሌለው ቤት የቆርቆሮው የውስጥ ፊት ሌሊት ላይ ጤዛ እንደሚያወርድም መዘንጋት አይገባም፤ ጣሪያው ሳያፈስ ጨርቅ የሚረጥበው በዚህ ነው።

ይህን ጥንቃቄ አባቶቻችን ያውቁት ነበር። በአድባራትና በገዳማት የብራና መጻሕፍት በማኅደር ሆነው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠሉ የነበረው ከመሬት እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ለማራቅ ነው። በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚታዩት ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ እንዲህ ላለው ሥዕል ዋናው ጠላት ከጣሪያ የሚወርድና ከግድግዳው የሚመጣ ውሃ ነው። የእኛም ጨርቅ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ስለ ነፍሳት ጥቂት ልበል። የብል እጭ የሚበላው ሱፍ፣ ሐርና ጠጉር ነው፤ ንጹሕ ጥጥንና ፖሊስተርን አይመገብም፣ ላብ ወይም ምግብ የነካውን ግን ሊቀምስ ይችላል። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ንጽሕና ነው፤ ከሱፍ የሚሠሩት ባና እና በርኖስም ከጨርቁ ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጡ። ናፍታሊን መጨመር አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ትነቱ መርዝ ስለሆነ በተለይ ሕፃናት በሚገቡበት ፎቶ ቤት ባይገባ ይመረጣል። አይጥ ግን ለጎጆዋ ስትል ማናቸውንም ጨርቅ ትቀድዳለች፤ የቱቦው ሁለት አፍ በጨርቅ ሳይሆን በቆርቆሮ ክዳን ይዘጋ።

ስድስተኛ፦ በክረምቱ መካከል መጠየቅ

ከሰኔ እስከ መስከረም ቢያንስ በየሦስት ሳምንቱ፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መስኮት ተከፍቶ የጥቅልሎቹ መሸፈኛ ይነሣ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ይፈቱና ይሽተቱ። ጠዋት ጉም ሳለ ወይም ዝናብ ሲዘንብ መስኮት መክፈት እርጥበትን ማስገባት ነው። በክፍሉ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ቢሰቀል መልካም ነው፤ ቁጥሩ ከ60 በታች እስካለ ድረስ ስጋት የለም። ከዕቃ ማሸጊያ የሚገኙ፣ እርጥበት የሚስቡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ለካሜራ ሣጥን እንጂ ለሦስት ሜትር ጥቅልል አይበቁም።

ሻጋታ ከተገኘ ጨርቁ ወዲያው ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ውጭ ይውጣ። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ጨርቁ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ እርጥብ ሻጋታ ከተፈተገ ወደ ክሩ ይገባል። ከዚያ ይታጠብ። ነጭ ጥጥ ከሆነ በውሃ የቀጠነ በረኪና ጥቂት ደቂቃ ነክቶት በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ ባለ ቀለም ጨርቅና ከፋይ ግን በረኪና አይነካቸውም። የተቀመጠበት መደርደሪያም ሳይወለወልና ሳይደርቅ ሌላ ጨርቅ አይጋደምበት።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል፤ ለጨርቅ ግን ይህ አይሠራም። በጎጃም ዝናቡ ከቅዱስ ዮሐንስ አልፎ ይዘልቃል፣ ግድግዳውም የጠጣውን ለመልቀቅ ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳል፤ ጥበቃው ቢያንስ እስከ መስቀል ማግሥት ሳይላላ ይቀጥል።

ሰባተኛ፦ ለሥራ ማውጣት

ጨርቁ ከሥራው በፊት ባለው ምሽት ተፈትቶ ይሰቀል፤ አብዛኛው ሽብሽብ በጨርቁ ክብደት ተፈትቶ ያድራል። የቀረው በካውያ ይስተካከል። በካውያው ላይ አንድ ነጥብ 110፣ ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ ያህል ከፍተኛ ሙቀትን ያመለክታል፤ ፖሊስተር በአንድ ነጥብ፣ ግፋ ቢል በሁለት፣ ጥጥ ረጠብ ተደርጎ በሦስት ይተኮሳል። የታተመ ሥዕል ያለበት ጨርቅ በጀርባው በኩል ይተኮስ። መብራት ጠፍቶ የከሰል ካውያ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ አመዱ ውጭ ተራግፎ፣ ከታች ንጹሕ ሌላ ጨርቅ ተደርቦ ይሁን። ከፋይ በምንም ዓይነት ካውያ አይነካም፤ እንደተሰቀለ በጀርባው በኩል እንፋሎት እየተሰጠው፣ ጠጉሩ ገና ለብ እንዳለ በብሩሽ ይቃናና እስኪደርቅ ድረስ ሰው አይደገፍበት።